የተዘነጉ የ1990ዎቹ የብሪታንያ ኢንዲና ፓንክ ሥራዎችን ፈልጎ የማግኛ ዝርዝር መመሪያ

የ1990ዎቹ የብሪታንያ ሙዚቃ ሲነሣ የአብዛኛው ሰው ሐሳብ የሚያመራው ወደ ኦኤሲስና ወደ ብለር ነው። ሁለቱ ባንዶች በኦገስት 1995 በአንድ ቀን ነጠላ ዜማ አውጥተው ሲፎካከሩ፣ የብለር 274 ሺህ ያህል፣ የኦኤሲስ ደግሞ 216 ሺህ ያህል ቅጂ መሸጡ በቴሌቪዥን ዜና ሳይቀር ተነግሮ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የተጻፈው የዘመኑ የሙዚቃ ታሪክም በዚያው ፉክክር ዙሪያ ሲሽከረከር ኖሯል። በዚያው ዘመን ግን በብሪስቶል ከመኖሪያ ቤት በሚመራ የሙዚቃ አሳታሚ፣ በሰንደርላንድ፣ በግላስጎውና በዌልስ ትንንሽ ከተሞች፣ ከዚህ ፉክክር ጋር ምንም ንክኪ የሌላቸው እጅግ ጥሩ ሥራዎች ይቀረጹ ነበር። ይህ መመሪያ እነዚያን የኢንዲ (በትንንሽ ነጻ አሳታሚዎች የሚወጣ ሙዚቃ) እና የፓንክ (ጥሬና ዐመፀኛ የሮክ ስልት) ሥራዎች በሥርዓት ፈልጎ ለማግኘትና በአግባቡ ለማዳመጥ ለሚሻ ሰው የተዘጋጀ ነው። የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅ።

ከፍለጋው በፊት፦ ሥራዎቹ ለምን ተሰወሩ?

አንድ አልበም የተረሳው ጥሩ ስላልነበረ ነው የሚለው ግምት በዚህ ዘርፍ ብዙ አያስኬድም። በእርግጥ ከዚያ ዘመን ኢንዲ አብዛኛው ቢረሳ የሚያስቆጭ አይደለም፤ ለአንድ ሰሞን በጋዜጣ ተወድሰው በማግሥቱ የጠፉ፣ እርስ በርሳቸውም የማይለዩ ባንዶች ሞልተው ነበር። ነገር ግን ጥሩው ሥራ ከመጥፎው ጋር አብሮ የተቀበረባቸው፣ ከሙዚቃው ጋር የማይገናኙ ምክንያቶች አሉ፤ ፈላጊው እነዚህን አስቀድሞ ካወቀ የት የት መቆፈር እንዳለበት ይገባዋል።

ዋነኛው ምክንያት የማከፋፈያው መፍረስ ነው። ነጻ አሳታሚዎች ሸክላቸውን በመላው ብሪታንያ ለሚገኙ ሱቆች የሚያደርሱት በአብዛኛው በራፍ ትሬድ የማከፋፈያ ድርጅት በኩል ነበር፤ ይህ ድርጅት በ1991 ሲከስር ሸቀጣቸው ተሸጦ ገንዘባቸው ያልተከፈላቸው ትንንሽ አሳታሚዎች ለከባድ ችግር ተዳርገዋል። ቀጥሎ የሚመጣው የሲዲ መስፋፋት ነው፤ በአሥርቱ ዓመታት አጋማሽ ሸክላ የሚታተመው በጥቂት ቅጂ ብቻ ስለነበር፣ ዛሬ ሸክላው ውድና ብርቅ ሲሆን ሲዲው ደግሞ ማንም የማያየው ርካሽ ዕቃ ሆኖ ቀርቷል። በኦገስት 2011 በለንደን በተነሣው ሁከት በኤንፊልድ የሚገኘው የሶኒ መጋዘን ሲቃጠል፣ ፒያስ የተባለው አከፋፋይ በዚያ ያስቀመጠው የበርካታ ነጻ አሳታሚዎች ክምችት አብሮ ወደመ። የሙዚቃ ጋዜጦቹም አልቆዩም፤ ሳውንድስ በ1991፣ ሜሎዲ ሜከር በ2000 መታተም አቆሙ።

ከዚህ የሚወጣው የአሠራር ሥርዓት ግልጽ ነው። የባንድ ስም ይዞ ከመፈለግ ይልቅ ገንዘቡና ወረቀቱ የሄደበትን መንገድ፣ ማለትም አሳታሚውን፣ አከፋፋዩን፣ የሽፋኑን ጀርባና የሬዲዮ መዝገቡን መከተል ያዋጣል። የሚከተሉት ርምጃዎች በሙሉ የተመሠረቱት በዚህ ላይ ነው።

ርምጃ አንድ፦ ከጆን ፒል ዝርዝሮች ይነሡ

ጆን ፒል ከ1967 አንሥቶ በ2004 ፔሩ ውስጥ እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ በቢቢሲ ሬዲዮ 1 የሠራ አቅራቢ ነው። ሌሎች አቅራቢዎች ከጣቢያው የተሰጣቸውን ዝርዝር ሲያጫውቱ፣ እርሱ በፖስታ የመጣለትን ሁሉ እየሰማ የወደደውን ያስተላልፍ ነበር። አድማጮቹ በየዓመቱ መጨረሻ የሚመርጧቸው ሃምሳ ዘፈኖች «ፌስቲቭ ፊፍቲ» ይባላሉ፤ ዝርዝሮቹም በኢንተርኔት በቀላሉ ይገኛሉ። ለዚህ ሥራ ከእነርሱ የተሻለ መነሻ የለም፤ ምክንያቱም ዝርዝሮቹ የተሠሩት በዚያው ዓመት እንጂ ከሃያ ዓመት በኋላ ማን ዝነኛ እንደሆነ ከታወቀ ወዲህ አይደለም።

ከ1990 እስከ 1999 ያሉትን ዝርዝሮች ያውጡና የሚያውቁትን ባንድ ሁሉ ይሰርዙ። የ1995ቱ አንደኛ የፐልፕ «ኮመን ፒፕል» ስለሆነ ወዲያው ይሰረዛል። የ1992ቱ አንደኛ ግን ባንግ ባንግ ማሽን የተባለ ባንድ ያወጣው «ጊክ ላቭ» የተሰኘ ዘፈን ነው፤ የዚያ ዓመት የብሪታንያ ጥንቁቅ አድማጮች ከሁሉ አስበልጠው የመረጡት ይህ ባንድ ዛሬ ስሙን የሚያነሣው የለም ማለት ይቻላል። የ1993ቱ አንደኛ ቹምባዋምባ ከክሬዲት ቱ ዘ ኔሽን ጋር የሠራው ጸረ ፋሺስት ዘፈን ነው፤ የ1996ቱ የኬኒኪ፣ የ1998ቱ ደግሞ የዴልጋዶስ ነው። የ1991ዱ ዝርዝር በጊዜው ሳይተላለፍ ቀርቶ በ1993 በየሳምንቱ አንድ አንድ ዘፈን እየተደረገ የተሰማ በመሆኑ በአንዳንድ ቦታ ተዘልሎ ቢያገኙት አይገረሙ። ከስረዛው በኋላ የቀረውን ከሃያኛው ደረጃ ወደ ታች ማንበብ ይጀምሩ፤ ትልቁ ሀብት ያለው በአንደኞቹ ሳይሆን በዚያ ነው።

ከዝርዝሩ ቀጥሎ የሬዲዮ ቅጂዎችን ይፈልጉ። ፒል የመረጣቸው ባንዶች በለንደን በነበረው የቢቢሲ ሜይዳ ቬል ስቱዲዮ እየተጠሩ፣ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን አራት ዘፈን ይቀርጹ ነበር። ለስቱዲዮ የሚከፍሉት ገንዘብ ላልነበራቸው ወጣቶች ይህ በዘመናቸው ያገኙት ምርጥ የቀረጻ ዕድል ሆኖ ያለፈበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ስለዚህም ከአልበሙ ይልቅ የሬዲዮው ቅጂ የሚሻልባቸው ባንዶች አሉ። ስትሬንጅ ፍሩት የተባለው አሳታሚ እነዚህን ቀረጻዎች በሸክላና በሲዲ ያወጣ ስለነበር ስሙን በአእምሮዎ ይያዙ። ያልታተሙትንም በየቤታቸው ከሬዲዮ በካሴት የቀዱ አድማጮች ወደ ኢንተርኔት ጭነዋቸዋል፤ ድምፁ ቢሻክርም በዘፈኖቹ መካከል የፒል ንግግር ስለሚሰማ፣ ያልጠበቁት የባንድ ስም በዚያው ጆሮዎ ውስጥ ይገባል።

የድሮ ጋዜጦችን ስካን ካገኙ ደግሞ ከሐያስያኑ ጽሑፍ ይልቅ ማስታወቂያዎቹን ያንብቡ። ሐያሲው ስለ ሰሞነኛው ባንድ ይጽፋል፤ በገጹ ጥግ ያለችው የትንሽ አሳታሚ ማስታወቂያ ግን የአንድ ወቅት ሕትመቶችን ሁሉ ከነመለያ ቁጥራቸው ትዘረዝራለች።

ርምጃ ሁለት፦ አሳታሚውን ይከተሉ

ይህ የመመሪያው ዋና ክፍል ስለሆነ አንድ ሙሉ ምሳሌ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እናያለን።

መነሻችን ሳራ ሪከርድስ ነው። ክሌር ዋድና ማት ሄይንስ በ1987 በብሪስቶል ያቋቋሙት ይህ አሳታሚ መቶኛውን ሕትመት በ1995 አውጥቶ፣ በብሪስቶል ከተማ ግብዣ አድርጎ፣ ሳይከስርና ሳይሸጥ በገዛ ፈቃዱ ተዘጋ። መለያ ቁጥሮቹ ከአንድ እስከ መቶ የተሰደሩ ስለሆኑ ለጀማሪ ፈላጊ ከዚህ የተመቸ ካታሎግ አይገኝም፤ የስብስብ አልበሞቹ ርእሶች እንኳ በብሪስቶልና በአካባቢዋ ባሉ ቦታዎች ስም የተሰየሙ ናቸው። የዘመኑ ጋዜጦች ግን በአሳታሚው ላይ ያላግጡ ነበር፤ ሙዚቃው ለስላሳ፣ ዓይናፋርና ልጅነት የሚበዛበት ነው ብለው ስላጣጣሉት ብዙ አድማጭ ሳይሰማው አለፈ። ፊልድ ማይስን፣ ኦርኪድስንና ብሉቦይን ሰምቶ መፍረድ የአንባቢ ፋንታ ነው፤ በእኔ ግምት ፊልድ ማይስ ከዚያ ዘመን ዝነኛ ባንዶች ከግማሾቹ በላይ የዘለቀ ሥራ ትቷል።

ከሳራ ባንዶች ሄቨንሊን እንውሰድ። ድምፃዊቷ አሚሊያ ፍሌቸር ናት፤ በኋላ የብሪታንያን የገበያ ውድድር ይቆጣጠር በነበረው መሥሪያ ቤት ዋና ኢኮኖሚስት የሆነችው እርሷው ነች። የባንዱ ሁለተኛ አልበም በ1992 ሲወጣ በአንዱ ዘፈን ላይ ከእርሷ ጋር የሚቀባበል ወንድ ድምፅ ይሰማል። ሽፋኑ ላይ ስሙን ሲያዩ ካልቪን ጆንሰን ይላል። ጆንሰን በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ኦሊምፒያ ከተማ፣ ኬ ሪከርድስን የመሠረተ ሰው ነው። ኦሊምፒያ ደግሞ በዚያው ጊዜ ሴት ወጣቶች በራሳቸው ባንድ፣ በራሳቸው በራሪ መጽሔትና በራሳቸው መድረክ የተነሡበት የራየት ገርል እንቅስቃሴ መነሻ ናት፤ የእንቅስቃሴው ዋና ባንድም ቢኪኒ ኪል ነው።

አሁን ቢኪኒ ኪል በ1993 ያወጣውን አንድ ሸክላ ያገላብጡ፤ በአንደኛው ገጽ የእነርሱ፣ በሌላው ገጽ የሃጊ ቤር ሥራ አለ። ሃጊ ቤር ሴቶችና ወንዶች የተቀላቀሉበት የእንግሊዝ ባንድ ነው። በፌብሩዋሪ 1993 በቻናል 4 «ዘ ወርድ» በተሰኘው የሌሊት ፕሮግራም ላይ «ኸር ጃዝ»ን ከተጫወቱ በኋላ፣ ስለ ሴቶች የቀረበውን አንድ ዝግጅት በመቃወም ከተመልካቹ መሐል ሲጮኹ ከስቱዲዮው እንዲወጡ ተደረገ። ነገሩ የሜሎዲ ሜከር የፊት ገጽ ወሬ ሆነ፤ ባንዱ ግን ከትልልቁ ጋዜጣ ጋር መነጋገርን የሚሸሽ ስለነበር ወሬው ወደ ሽያጭ አልተለወጠም፣ በ1994ም ተበተነ። ዛሬ ስሙ ከተነሣ የሚነሣው በዚያች የቴሌቪዥን ሌሊት ነው፤ ዘፈኖቹን ቁጭ ብሎ ያዳመጠ ግን ጥቂት ነው።

የሃጊ ቤርን የራሱን ሸክላዎች ሽፋን ጀርባ ሲያዩ ዊጃ የሚል የአሳታሚ ስም ያገኛሉ። ይህ አሳታሚ የተጀመረው በለንደን ኖቲንግ ሂል አካባቢ በሚገኘው የራፍ ትሬድ ሱቅ ውስጥ ሲሆን፣ ስሙም የሱቁ የፖስታ መለያ ኮድ ነው። የዊጃን ካታሎግ ሲዘረጉ ኮርነርሾፕን ያገኛሉ። በ1991 በሌስተር የተቋቋመውን ኮርነርሾፕን ዓለም ያወቀው በ1998 በሪሚክስ (እንደገና በተቀናበረ ቅጂ) አንደኛ በወጣው «ብሪምፉል ኦቭ አሻ» ነው፤ ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ በ1994 የወጣው «ሆልድ ኦን ኢት ኸርትስ» ግን የደቡብ እስያ ተወላጅ ወጣቶች ዘረኝነትን በተንጫጫ ጊታር ፊት ለፊት የተጋፈጡበት፣ ፍጹም ሌላ ጠባይ ያለው የፓንክ አልበም ነው። በዚሁ በዊጃ ካታሎግ ወደ 1996 ሲወርዱ ደግሞ የሄቨንሊን የመጨረሻ አልበም ያገኙታል።

እንግዲህ ከብሪስቶል ተነሥተን፣ በኦሊምፒያ ዞረን፣ በለንደንና በሌስተር አልፈን፣ አራት ጠንካራ ባንዶችን ያገኘነው ሽፋን በማንበብ ብቻ ነው። የማዳመጫ መተግበሪያዎች የሚያቀርቡት «ተመሳሳይ ባንዶች» የሚል ጥቆማ ሄቨንሊንና ሃጊ ቤርን አያገናኝም፤ አንደኛው ጣፋጭ ዜማ፣ ሌላው ጩኸት ነውና። ያገናኛቸው ወዳጅነት፣ አቋምና የጋራ ኪስ ነው፤ ይህ ደግሞ የሚታየው በወረቀት ላይ ነው።

በዚሁ አሠራር ሌሎች ካታሎጎችን ይመርምሩ። ቱ ፒዩር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ስቴሪዮላብንና የፒ ጄ ሃርቪን የመጀመሪያ አልበም ያወጣ አሳታሚ ነው፤ ሁለቱ ስለገነኑ የተጋረዱት ሙንሼክ፣ ፕራምና ዘ ፌይዝ ሂለርስ ከዚያው ቤት ናቸው። ቱ ፒዩርም ሆነ ዊጃ በኋላ በቤጋርስ ድርጅት ሥር ስለገቡ ካታሎጋቸው ከሌሎቹ የተሻለ ባለቤት አለው።

ርምጃ ሦስት፦ ኢፒዎችን አይዝለሉ

የዛሬ አድማጭ አንድን ባንድ ለማወቅ አልበሙን ይከፍታል። በዚያ ዘመን ግን ከሦስት እስከ አምስት ዘፈን የሚይዘው ኢፒ ራሱን የቻለ ሥራ ነበር፤ ብዙ ባንዶች ምርጥ ዘፈናቸውን በኢፒ አውጥተው በአልበሙ ላይ አይደግሙትም። ለዚህ ዋናው ማስረጃ ዲስኮ ኢንፈርኖ ነው። እነዚህ የኤሴክስ ሦስት ወጣቶች ጊታራቸውንና ከበሯቸውን ከሳምፕለር (የተቀረጸ ድምፅ ከሚያጫውት መሣሪያ) ጋር አያይዘው፣ ክሩ ሲነካ የውኃ፣ የደወል ወይም የመንገድ ድምፅ እንዲወጣ አደረጉ። በ1994 የወጣው አልበማቸው አስደናቂ ቢሆንም ለጀማሪ ጆሮ ይከብዳል፤ ከ1992 እስከ 1994 ያወጧቸው አምስት ኢፒዎች ግን የሥራቸው ልብ ናቸው። እነዚህም በአንድ ጥራዝ ተሰብስበው በሕጋዊ መንገድ የወጡት በ2011 ነው። በአልበሙ ጀምሮ ተስፋ የቆረጠ ሰው በኢፒዎቹ እንደገና ይሞክር። በሸክላና በሲዲ ነጠላ ዜማዎችም ሳይድ ቢውን (ከዋናው ዘፈን ጋር አብሮ የወጣውን) ሳይሰሙ አይመልሱ።

ርምጃ አራት፦ ከለንደን ይውጡ

ጋዜጦቹ ለንደን ስለነበሩ ከለንደን የራቀ ባንድ የሚጻፍለት ሲያልፍ ነበር። ካርታ ዘርግቶ ከተማ በከተማ መሄድ ይህን ጉድለት ይሞላል።

ከሰንደርላንድ ይጀምሩ። ሌዘርፌስ በ1991 ያወጣው «መሽ» በእኔ አስተያየት የአሥርቱ ዓመታት ምርጥ የብሪታንያ ፓንክ አልበም ነው። ፍራንኪ ስታብስ በሻከረ፣ ጉሮሮው የቆሰለ በሚመስል ድምፅ ይዘፍናል፤ ከሥሩ ያሉት ሁለት ጊታሮች ግን እየተጠላለፉ የሚያወጡት ዜማ እጅግ ያምራል፤ ጩኸቱና ውበቱ አይተራረቁም፣ አብረው ይሄዳሉ። ባንዱ በአገሩ ሰፊ ሕዝብ ሳያውቀው ቀረ፤ በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግን ሆት ዋተር ሚዩዚክ የመሰሉ ባንዶች እንደ መምህር ያዩት ነበር፣ በ1999ም ከእርሱ ጋር አንድ ሸክላ ተካፍለው አወጡ። ከዚያችው ከተማ የወጣውን የኬኒኪን የ1997 «አት ዘ ክለብ» ከጎኑ ያስቀምጡ፤ ድምፃዊቷ ሎረን ላቨርን ዛሬ የምትታወቀው በቢቢሲ አቅራቢነቷ ነው።

በግላስጎው ኬሚካል አንደርግራውንድን ይያዙ። የዴልጋዶስ አባላት ራሳቸው ያቋቋሙት ይህ አሳታሚ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቢስን፣ አራብ ስትራፕንና ሞግዋይን አውጥቷል። ሞግዋይ አልተዘነጋም፤ ዴልጋዶስ ግን ባቋቋሙት ቤት ውስጥ ራሳቸው ተጋርደው ቀርተዋል። ከሌስተር ፕሮላፕስን ያዳምጡ፤ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ በአንድ ዘፈን ላይ በተለያየ ሐሳብ እየተነጋገሩ፣ አንዳንዴም እየተጨቃጨቁ ይቀጥላሉ።

ዌልስ ራሷን የቻለች ዓለም ናት። አንክስት የተባለው አሳታሚ በዌልስ ቋንቋ የሚዘፍኑ ባንዶችን ያሳትም ነበር፤ ከእነርሱ አንዱ የሆነው ዳትብለጊ በ1990 «ፒስት»ን፣ በ1993 «ሊበርቲኖ»ን አወጣ። ድምፃዊው ዴቪድ አር ኤድዋርድስ የራሱን የዌልስ ቋንቋ ተናጋሪ ማኅበረሰብ ግብዝነት ያለ ርኅራኄ የሚተች ገጣሚ ነበር፤ ጆን ፒልም ደጋግሞ ጋብዞታል። ከዚያው ቤት ጎርኪስ ዛይጎቲክ ማንኪ በ1994 ያወጣው «ታታይ» የልጆች ጨዋታ የመሰለ ነጻነት አለው። በማያውቀው ቋንቋ የተዘፈነውን ማጣጣም ለኢትዮጵያዊ አድማጭ አዲስ ነገር ስላልሆነ፣ እንግሊዛውያን አድማጮች የተሰናከሉበት ይህ ደጃፍ ለእኛ ክፍት ነው።

ርምጃ አምስት፦ በአንድ ዘፈን የታወቁትን እንደገና ይመርምሩ

የተዘነጋ ሥራ ሁሉ የማይታወቅ ባንድ ሥራ አይደለም። አንድ ዘፈን እጅግ ሲታወቅ የቀረውን ሁሉ ይሸፍነዋል። ቹምባዋምባ ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው፤ በ1997 ኢኤምአይ በተባለው ትልቅ የሙዚቃ ድርጅት በኩል የወጣው «ተብተምፒንግ» በየስታዲየሙ ስለተዘፈነ ባንዱ የአንድ ሰሞን ቀልደኛ ተደርጎ ተቆጠረ። እውነቱ ግን የሊድስ አናርኪስት ፓንኮች ነበሩ፤ የመጀመሪያ አልበማቸውም እኛን በቀጥታ ይነካል። በ1985 ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች የተካሄደውን የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ተከትሎ በ1986 ያወጡት ይህ አልበም፣ ርእሱ «የተራቡ ሕፃናት ሥዕሎች ሸክላ ይሸጣሉ» የሚል ትርጉም ያለው ሲሆን፣ የረሃብን ምክንያት ሳይጠይቅ በምጽዋት የደመቀውን ዝና የሚነቅፍ ነው። አልበሙ የ1980ዎቹ ቢሆንም የባንዱን የ1990ዎቹ ሥራ ለመረዳት ቁልፉ እርሱ ነው። ከዚያ በ1992 የወጣውን «ሽሽሽ» እና በ1994 የወጣውን «አናርኪ» ያዳምጡ። የመጀመሪያው አስቀድሞ በሌላ ርእስ ተዘጋጅቶ የነበረ፣ ከሌሎች ዘፈኖች ለተወሰዱ ቅንጥቦች የባለቤቶቹ ፈቃድ ሲከለከል እንደገና የተሠራ አልበም ነው፤ ስለ ሳንሱርና ስለ ቅጂ መብት ደጋግሞ የሚናገረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ርምጃ ስድስት፦ ሲገዙ ይጠንቀቁ

በመጀመሪያ አሳታሚው ወይም ባንዱ ራሱ በባንድካምፕ (ሙዚቀኞች ሥራቸውን በቀጥታ በሚሸጡበት ድረ ገጽ) ይሸጥ እንደሆነ ያረጋግጡ፤ ገንዘቡ በአብዛኛው ለሠሪው የሚደርሰው በዚያ ነው። የሄቨንሊን አልበሞች ለምሳሌ አሚሊያ ፍሌቸርና የባንዱ ቤዝ ተጫዋች ሮብ ፐርሲ በመሠረቱት ስኬፕ ዋክስ በኩል ከ2022 ጀምሮ ዳግም ታትመው ይገኛሉ።

ዳግም ያልታተመውን ሲፈልጉ ከሸክላው በፊት ሲዲውን ያስቡ። ለአንድ የ1994 ሸክላ የሚጠየቀው ዋጋ የዚያው አልበም ሲዲ የሚሸጥበትን ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ በአሥርቱ ዓመታት መጀመሪያ የታተሙ ሲዲዎች ድምፃቸው ከኋለኞቹ ሕትመቶች ብዙውን ጊዜ ዝቅ ያለ በመሆኑ፣ ረጋ ያለውና ኃይለኛው ክፍል ተለይቶ ይሰማል። በለንደን የሚኖር ወዳጅ ያለው አንባቢ የኦክስፋምንና የመሰል የበጎ አድራጎት ሱቆችን የሲዲ መደርደሪያ እንዲያይለት ይጠይቅ። በኖቲንግ ሂል ያለው የሚዩዚክ ኤንድ ቪዲዮ ኤክስቼንጅ ሱቅ ደግሞ ያልተሸጠ ዕቃን ዋጋ በተለጣፊው ላይ በየጊዜው እየቀነሰ ስለሚጽፍ ትዕግሥተኛን ይክሳል። በግላስጎው ሞኖሬል፣ በካርዲፍ ደግሞ በ1894 የተቋቋመው ስፒለርስ መታየት ያለባቸው ናቸው።

ሲዲ ሲገዙ አንድ ነገር በዓይንዎ ያረጋግጡ። በላንካሸር ብላክበርን በሚገኘው የፒዲኦ ፋብሪካ ከ1988 እስከ 1993 ከታተሙት ሲዲዎች ብዙዎቹ በዝግታ የሚበላሹ ናቸው፤ የመከላከያ ቅባቱ ደካማ ስለነበር ከሽፋኑ ወረቀት የሚወጣው ሰልፈር ገብቶ የብሩን ንብርብር ይበላዋል። ሲዲውን ገልብጠው በመስኮት ብርሃን ይዩት፦ ብርማ መሆን ሲገባው ከጠርዙ ጀምሮ ቡናማ ወይም ነሐስማ ቀለም ከያዘ፣ በመሐሉ ቀዳዳ ዙሪያም የፒዲኦ ስም ከተጻፈበት፣ በሽታው ጀምሮታል። ሲዲ የሚነበበው ከመሐል ወደ ዳር ስለሆነ አስቀድሞ የሚጠፋው የመጨረሻው ዘፈን ነው፤ ሻጩ የመጀመሪያውን ዘፈን አጫውቶ ደኅና ነው ቢልዎ የመጨረሻውን እንዲያስሰማዎ ይጠይቁት። እንዲህ ያለ ሲዲ አሁንም የሚነበብ ከሆነ ሳይውል ሳያድር በፍላክ (ድምፁን በማያጎድል) ፎርማት ወደ ኮምፒውተር ይቅዱት።

ሸክላ በኢንተርኔት ሲገዙ የሻጩን የጥራት ደረጃ በጥርጣሬ ያንብቡ። ሚንትና ኒር ሚንት አዲስ ወይም እንደ አዲስ፣ ቬሪ ጉድ ፕላስ ጥቂት ምልክት ያለበት ማለት ነው፤ ቬሪ ጉድ ሲባል የጭረቱ ድምፅ በግልጽ ይሰማል፣ ጉድ የተባለው ደግሞ ከስሙ በተቃራኒ የተጎዳ ነው። አንድ ሰዓት የሚደርስ አልበም በአንድ ሸክላ ላይ ተጨናንቆ ከታተመ ድምፁ ቀጭን ስለሚሆን፣ በሁለት ሸክላ የታተመው ካለ እርሱን ይምረጡ። የመጀመሪያ ሕትመት መሆኑን የሚያረጋግጡት በመሐል ባለው ወረቀትና በመጨረሻው ዘፈን መካከል ባለው ባዶ ቀለበት ላይ በተጫረው ጽሑፍ ነው፤ ሸክላውን ወደ ብርሃን አዘንብለው ሲያዩት የመለያ ቁጥሩን፣ አንዳንዴም የቀራጩን ፊርማ ወይም ባንዱ የተወውን ቀልድ ያነባሉ። ይህን ጽሑፍ ዲስኮግስ በተባለው የሙዚቃ ሕትመቶች ድረ ገጽ ላይ ከተመዘገበው ጋር ያመሳክሩ። ብርቅ መሆን ጥሩ መሆን አይደለምና፣ ሳይሰሙ በውድ ዋጋ አይግዙ።

ርምጃ ሰባት፦ በትዕግሥት ያዳምጡ

ብዙዎቹ ሥራዎች በትንሽ ገንዘብ በጥቂት ቀናት የተቀረጹ ናቸው፤ የድምፃዊው ቃል ከጊታሩ ሥር ይቀበራል፣ ከበሮው ከሩቅ ይሰማል። ይህን እንደ ጉድለት ብቻ ከመቁጠር በፊት የግጥሙን ወረቀት ይዘው ይስሙ። በ1993 ከወጣው የሄቨንሊ «ፓንክ ገርል» ኢፒ ላይ «ሃርትስ ኤንድ ክሮስስ» የተሰኘውን ዘፈን በዚህ መንገድ ይሞክሩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ ቀላል፣ የሚያስጨፍር፣ ሁለት ሴቶች በለሰለሰ ድምፅ የሚቀባበሉበት የፍቅር ዘፈን ይመስላል። ግጥሙን ሲከታተሉ ግን አንዲት ልጅ ስታልመው ከኖረችው ወንድ ጋር ወጥታ የተደፈረችበት ታሪክ ነው፤ ዜማው ደግሞ ከታሪኩ ጋር አይከብድም፣ እንደ ጀመረው በፈገግታ ይቀጥላል። የዘመኑ ሐያስያን በልስላሴው ያጣጣሉት ሙዚቃ ልስላሴውን የተጠቀመበት ለዚህ ነበር።

በአንድ ሰሞን ከአንድ አሳታሚ በላይ አይክፈቱ። ሃያ ባንድ በአንድ ቀን ያዳመጠ ሰው የሚቀርለት የስም ዝርዝር ነው።

ርምጃ ስምንት፦ ያገኙትን ይመዝግቡ

ለእያንዳንዱ ሥራ የባንዱን ስም፣ የአሳታሚውን ስም፣ የመለያ ቁጥሩን፣ ዓመቱን፣ የቀረጻውን ቦታና በምስጋናው ላይ የተጠቀሱ ሰዎችን ይጻፉ። የምስጋናውን ዝርዝር ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ቀጣዩን ባንድ የሚጠቁምዎ ግን ብዙውን ጊዜ እርሱ ነው። በእጅዎ ያለው ሕትመት ዲስኮግስ ላይ ካልተመዘገበ፣ ወይም የተጫረው ጽሑፍ ተለይቶ ካልተጻፈ፣ ነጻ አካውንት ከፍተው ያስገቡት። የሽፋኑን የፊትና የኋላ ገጽ፣ የመሐሉን ወረቀትና አብሮ የመጣ ደብዳቤ ወይም ፖስተር ካለ እርሱንም በስካነር ያንሡ፤ ሳራን የመሰሉ አሳታሚዎች ሐሳባቸውን ለአድማጭ የሚገልጹት በእነዚህ ወረቀቶች ስለነበር፣ ሸክላው ሲሸጥ ሲለወጥ አስቀድመው የሚጠፉትም እነርሱ ናቸው።